ለ40 ሴቶች የተያዘ የአምስት ቀን የእርሻ ስልጠና እንዴት ቢሰጥ ይሻላል?

ጥያቄው፦ «በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረዳ የምንሠራ አነስተኛ የልማት ማኅበር ነን። በአንድ ቀበሌ 40 ሴቶችን በዘላቂ ግብርና ለማሰልጠን በጀት አግኝተናል። ግማሽ ያህሉ ባል የሞተባቸው ወይም የፈቱ የቤተሰብ ኃላፊዎች ናቸው። ዕቅዳችን በአዳራሽ የአምስት ቀን ስልጠና መስጠት ነው። ባለፈው ዓመት ተመሳሳይ ስልጠና ተሰጥቶ ነበር፤ ብስባሽ፣ በመስመር መዝራት፣ አትክልት፣ ዶሮ ሁሉም ተዳሷል። ዛሬ ግን በጓሯቸው የሚታይ ነገር የለም። ምን እናስተምር? በምን ቅደም ተከተል?»

ምላሽ፦

አምስቱን ቀን አንድ ላይ አትስጡት። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ግማሽ ቀናት አድርጋችሁ በትኑት። ትምህርቱ በሴቶቹ ጓሮ ይሁን፤ እያንዳንዱም ትምህርት ሥራው በሚሠራበት ሳምንት ይሰጥ። በነሐሴ በአዳራሽ የተነገረ የሽንኩርት ችግኝ ትምህርት በጥቅምት አይታወስም። ቢታወስ እንኳ ያን ጊዜ ዘሩ እጅ ላይ የለም።

የባለፈው ዓመት ስልጠና ያልያዘበት ምክንያት ከዚህም ይጠልቃል ብዬ እገምታለሁ። በመስመር መዝራት የተማሩት የቤተሰብ ኃላፊዎች አብዛኞቹ መሬታቸውን ራሳቸው አያርሱም። በሬ የላቸውም፤ ሴት ሞፈር መጨበጧም በአካባቢው ያልተለመደ ነው። ስለዚህ መሬቱን በእኩል ወይም በሲሶ ይሰጣሉ። ምን እንደሚዘራ፣ መቼ እንደሚታረስ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታረም የሚወስነው ወስዶ የሚያርሰው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ስልጠናው ላይ አልነበረም። ባል ያላቸውም ቢሆኑ የማሳውን ውሳኔ ብቻቸውን አይወስኑም። የጓሮው መሬት፣ የዶሮውና የእንቁላሉ ገንዘብ ግን በብዛት በሴቷ እጅ ነው። ስልጠናው መጀመር ያለበት እሷ ዛሬውኑ በምታዝበት ነገር ላይ ነው። ወደ ማሳው የምትሻገሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉ በፊት ውኃውን ለኩ። ይህን የሚዘል ስልጠና ታኅሣሥ ላይ ይደርቃል። በእናንተ ወይና ደጋ የአየር ጠባይ በበጋ አንድ ካሬ ሜትር አትክልት በቀን 5 ሊትር ገደማ ውኃ ይፈልጋል። 1 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ አንድ መደብ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይጠጣል ማለት ነው። ማኑዋሎች የሚያዙት 100 ካሬ ሜትር ጓሮ ደግሞ 25 ጄሪካን ይጠይቃል። ከምንጭ በጀርባዋ የምትቀዳ ሴት ይህን አትችለውም፤ ችላ ብትጀምረው የምትጎዳው እሷና ውኃ የምትቀዳው ልጇ ናቸው። ስለዚህ 40ዎቹን በሁለት ክፈሏቸው። ጓሮዋ ወይም ጎረቤቷ ጉድጓድ ያላት ከ10 እስከ 15 መደብ ትያዝ፤ እሷን በገመድና በመዘውር፣ ሲቻልም በገመድ ፓምፕ አግዟት። ተሸክማ የምትቀዳው ከ3 መደብ አትለፍ። ለእነዚህ ሦስት መደቦች የዕቃና የልብስ እጣቢ ውኃም ይረዳል፤ በረኪና ያለበት አይሁን፤ አፈሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይፍሰስ። በጥሬው የሚበላ አትክልት ባለበት መደብ ላይ ግን እጣቢ አታጠጡ።

መደቡ እንደ አፈሩ ይሠራል። በፎገራ ሜዳ በኩል ባለው ዋልካ አፈር ላይ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ አለዚያ ውኃ ይተኛበትና ሥሩ ይበሰብሳል። በተዳፋቱ ቀይ አፈር ላይ በተቃራኒው 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢቆፈር የተጠጣው ውኃ አይፈስም። ስፋቱ ከ1 ሜትር እንዳይበልጥ አድርጉ፤ ሳይረገጥ ከሁለቱም ወገን እጅ መድረስ አለበት። ከላይ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ይልበስ። የጤፍ ጭድ አትጠቀሙ፤ የከብቱ ቀለብ ነው፤ ጭድ የሚያዝ ስልጠና በገዛ እጁ ይወድቃል። ዘር ያልቋጠረ አረም፣ የደረቀ ቅጠልና የሙዝ ቅጠል ይበቃል። ጉዝጓዙ ከግንዱ ሁለት ጣት ይራቅ። ቀይ አፈር ላይ ምስጥ ካለ ደግሞ ጉዝጓዙን አሳስቱና በየሳምንቱ አገላብጡት።

ብስባሹን በተመለከተ አንድ ያልተነገረ ግጭት አለ። እበቱ ኩበት ነው፤ ኩበቱ ማገዶ ነው፤ አንዳንዷም ሸጣ ጨውና ዘይት ትገዛበታለች። «እበቱን ጉድጓድ ውስጥ ክተቱ» ስንላት ከምድጃዋና ከኪሷ ውሰጂ እያልናት ነው። መፍትሔው በሁለት በኩል ነው። በአንድ በኩል ቢያንስ የምጣዱን ጉልቻ ማገዶ ቆጣቢ በሆነው ምርጥ ምድጃ መተካት ነው፤ ከሦስት ጉልቻ አንጻር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። በሌላ በኩል እበት ያነሰው ብስባሽ መሥራት ነው። በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት በዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና በሱ ኤድዋርድስ መሪነት በ1980ዎቹ መጨረሻ በትግራይ የጀመረው ሥራ ነው። እዚያ ብስባሹ የሚዘጋጀው ክረምቱ ሲወጣ፣ አረሙ ገና ለምለም ሳለ ነው። ለእናንተም ከመስቀል እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው ጊዜ ይስማማል።

ጉድጓዱ 1.5 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ቢኖረው ለአንዲት ሴት ይበቃል። ጥላ ያለበት፣ የጎርፍ መንገድ ያልሆነ ቦታ ይመረጥ። ከሥር የበቆሎ ወይም የማሽላ አገዳ ይነጠፋል፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው። በላዩ 20 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ነገር ተደርጎ ውኃ ይርከፈከፍበታል፤ ቀጥሎ 20 ሳንቲ ሜትር ለምለም አረምና ቅጠል፤ ከዚያ 5 ሳንቲ ሜትር እበት ወይም የዶሮ ኩስ፤ በመጨረሻ እፍኝ አመድና ስስ አፈር። ይህ እስኪሞላ ይደጋገማል። መሐሉ ላይ ረጅም ዱላ ይተከል፤ ከላይ በአፈርና በቅጠል ይከደን። የባሕር ዛፍ ቅጠል አይግባ፤ ቶሎ አይበሰብስም፤ ሌላውንም ያዘገያል።

ዱላው መመርመሪያ ነው። በአምስተኛው ቀን ሲነቀል እጅ የሚያቃጥልና ርጥብ ከሆነ ብስባሹ እየሠራ ነው። ሞቆ ደረቅ ከሆነ ውኃ ጎድሎታል። ቀዝቃዛና የሚሸት ከሆነ ውኃ በዝቶበት አየር አጥቷል፤ ወጥቶ ደረቅ ነገር ይጨመርበት። ከውስጡ ዘግናችሁ ስትጨምቁት እጃችሁን አርሶ ካልተንጠባጠበ ልኩ ነው። በአራተኛው ሳምንት ይገለበጣል፤ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ የአፈር ሽታ ያለው ይሆናል። ቀድሞ ያልበሰለ ብስባሽ ችግኝ ላይ ማድረግ ቅጠሉን ያገረጣዋል።

አሁን ሒሳቡን ለሴቶቹ በግልጽ ንገሯቸው። ይህ ጉድጓድ ተሟሽሾ ሲያበቃ የሚሰጠው ወደ 4 ኩንታል ነው። ለአንድ መደብ 20 ኪሎ ቢደረግ ለሃያ መደብ ይበቃል። ለአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) የእህል ማሳ ግን ቢያንስ ከ12 ኩንታል በላይ ያስፈልጋል። «ብስባሽ ከሠራችሁ ማዳበሪያ አትገዙም» ተብለው በአንድ ጉድጓድ ተማምነው ማሳቸውን የሚዘሩ ሴቶች ምርቱ ሲቀንስባቸው ስልጠናውን በሙሉ ይተዉታል፤ ደግሞም ልክ ናቸው።

ምን ይተከል? የመጀመሪያው መደብ የሐበሻ ጎመን ይሁን። ዘሩ በእጃቸው አለ፤ በሽታ ይችላል። በመስቀል ሰሞን ከተዘራ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ቅጠሉ ይቀነጠሳል፤ የጎመን ገበያም ያን ጊዜ ነው። ፈጥኖ የሚታይ ገንዘብ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ሴቷን ለቀጣዩ ትምህርት ያመጣታል፤ ባሏንም ያሳምናል። ሁለተኛው ነጭ ሽንኩርት ነው፤ በጥቅምት 30 በ10 ሳንቲ ሜትር ተተክሎ ከአራት ወር በኋላ ይደርሳል። እኔ ነጭ ሽንኩርትን የማስቀድመው ስለሚቀመጥ ነው። መንገድ ሲዘጋ ወይም ዋጋ ሲወድቅ ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቃል፤ ቲማቲም ግን ይህን አይችልም። የሚተከለው ጥርስ ከማይታወቅ ገበያ አይገዛ። ነጭ የሻጋታ ጥጥ የመሰለ ነገር በሥሩ ያለበት ጥርስ የሚያመጣው አበስብስ በሽታ አፈር ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ይቆያል፤ ያ መደብ ዳግመኛ ነጭም ቀይም ሽንኩርት አያበቅልም።

ቀይ ሽንኩርትን ሁሉም ይፈልገዋል፤ አካባቢው የሽንኩርት አገር ነውና። ችግሩም ይኸው ነው። ጥቅምት መጀመሪያ ችግኝ ያፈላ ሁሉ ኅዳር መጨረሻ ያዛውራል፤ መጋቢት ላይ የፎገራና የሊቦ ሽንኩርት በአንድ ሳምንት ገበያ ይወጣል። ስለዚህ ችግኙን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሦስት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ አፍሉ። ዘሩ ሲገዛ 100 ፍሬ በርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አሥር ቀን አቆዩት፤ ከ70 በታች ከበቀለ መልሱት። የሽንኩርት ዘር ከዓመት በኋላ ኃይሉን ያጣል፤ ለልማት ማኅበራት የሚሸጠው ደግሞ አንዳንዴ የከረመው ነው። በማፍያው መደብ ላይ በ10 ሳንቲ ሜትር ረድፍ ሳስቶ ይዘራ፤ ከ45 እስከ 55 ቀን፣ ቁመቱ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ይነቀል። በቦይ ለሚጠጣ ማሳ የተለመደው ርቀት 40 በ20 በ5 ሳንቲ ሜትር ነው (በቦዮች፣ በረድፎችና በችግኞች መካከል)። በእጅ በሚጠጣ መደብ 20 በ10 ይበቃል፤ በአንድ መደብ 200 ራስ ይይዛል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሽንኩርት አንገቱ ሲወድቅ ይነቀላል፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት በፊት ውኃ ይቋረጣል። እስከ መጨረሻው የጠጣ ሽንኩርት ሲቀመጥ ይበሰብሳል፤ ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋ ይሰብራል።

በኬሚካል ላይ ጠንከር በሉ። ሽንኩርቱን የሚያብረቀርቀው ጥቃቅን ተባይ፣ ትሪፕስ፣ በደረቅ ወቅት ይበረታል። ከላይ በማጠጫ ማጠጣትና ሽንኩርትን ሽንኩርት በነበረበት መደብ ላይ አለመድገም ጉዳቱን ይቀንሰዋል። ማኑዋሎች ስለ ኒም ቅጠል ይጽፋሉ፤ ኒም የቆላ ዛፍ ነው፤ በእናንተ ከፍታ ስለማታገኙት ጊዜ አታጥፉበት። መርጨት ግድ ከሆነ እርጉዝ ወይም የምታጠባ ሴት አትርጭ፣ አትቅረብም። ተረጭቶ እስከሚነቀል የሚጠበቀው ቀን በጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ ለማይችሉት በገመድ ላይ ቋጠሮ አስቋጥሯቸውና በቀን አንድ ይፍቱ።

ዶሮ የሚለውን ብዙዎች ከመጀመሪያው ያስቀድሙታል፤ እኔ ከጥር በፊት አላስገባም። የተሻሻሉ ቄብ ዶሮዎች በ45 ቀናቸው ሲታደሉ ደስ ይላል፤ እንቁላል ግን ከአምስት ወራቸው በፊት አይጠበቅም። እስከዚያ ይበላሉ። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ትፈልጋለች፤ አሥሩ በወር 36 ኪሎ። ከአሥሩ ስድስቱ በቀን ቢጥሉ በወር 180 እንቁላል ነው። የአንድ ኪሎ መኖን ዋጋ በ36፣ የአንድ እንቁላልን ዋጋ በ180 አባዙና ከሴቶቹ ጋር አወዳድሩ። ልዩነቱ ጠባብ ከሆነ ዶሮዎቹ እየተለቀሙ ግማሹን ራሳቸው የሚያገኙበት ግቢ ያላት ሴት ብቻ ትውሰድ፤ አምስት ትውሰድ፤ አሥር አትውሰድ።

ማደሪያው ከመሬት ከፍ ያለ፣ ለአራት ዶሮ አንድ ካሬ ሜትር ያለው፣ ቆጥ የተሠራለት፣ ሸለምጥማጥ የማያስገባ ይሁን። ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው የዶሮ በሽታው ፈንግል ነው። በክረምት መግቢያና በዓል ተከትሎ ከገበያ በሚመጣ ዶሮ ይገባና በሳምንት ግቢውን ባዶ ያደርገዋል። ክትባቱ በቢሾፍቱ ይመረታል፤ የሚመጣው ለብዙ ዶሮ በሚሆን መጠን ስለሆነ አምስት ዶሮ ያላት ብቻዋን አትገዛውም። የቡድኑ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ የሃያ ሴት ዶሮ በአንድ ጠዋት ይከተብ። በሚጠጣ ውኃ ከሆነ ዶሮዎቹ ሁለት ሰዓት ይጠሙ፤ ውኃው ክሎሪን የሌለው የጉድጓድ ወይም የምንጭ ይሁን፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። በየሦስት ወሩ ይደገም። ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ካልመጣ እንዳልተከተቡ ቁጠሯቸው።

የጾሙንም ነገር አስቡት። በዐቢይ ጾም የእንቁላል ገበያ ይወድቃል፤ ለፋሲካ ይንራል። እስከ ፋሲካ ላስቀምጥ ማለት አያዋጣም፤ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ እንቁላል ደንበኛ ያርቃል። አውራ ባለበት ግቢ የጾሙን እንቁላል፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት፣ ለሐበሻ ዶሮ ማሳቀፍ ይሻላል፤ በ21 ቀን ትፈለፍላለች። የተሻሻሉት ግን አይታቀፉም፤ አውራ ከሌለም እንቁላላቸው አይፈለፍልም።

ስለ አሰጣጡ። በአንድ ጊዜ 40 ሴት አታሰልጥኑ፤ በጎጥ በጎጥ አሥር አሥር ጎረቤት አድርጓቸው። የገበያ ቀን አይሁን። የቁፋሮ ትምህርት በሥራ ቀን ይሁን፤ በ12፣ በ21፣ በ29 እርሻ ስለማይሠራ የቁጠባና የሒሳብ ስብሰባውን ለእነዚያ አድርጉት። ሰዓቱ ከረፋዱ 4 እስከ 6፣ እንጀራው ከተጋገረና ውኃው ከተቀዳ በኋላ ይሁን። ልጅ ለምትይዝ አንዲት እናት ከበጀቱ ክፈሉ። የአዳራሹንና የአበሉን ገንዘብ ወደ ማጠጫ፣ ዶማ፣ ዘርና ክትባት አዙሩት፤ አበል ፈልጎ የሚመጣ ሰው ቢቀር አትዘኑ። ስሙን ሰጥቶ ሚስቱን የሚልክ ወይም ሚስቱን አስመዝግቦ ራሱ የሚመጣ ባል ስለሚኖር ምዝገባውን በየቤቱ ዞራችሁ አድርጉት። ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ መጀመሪያ ላይና ከሽያጩ በፊት፣ ባልና ሚስት አብረው ይጠሩ። ጓሮው ገንዘብ ማምጣት ሲጀምር ሽያጩ ቀስ ብሎ ወደ ባልየው መዞሩ ብዙ ቦታ የሚታይ ነው፤ የሽያጩ ገንዘብ ማን እጅ እንደሚገባ ሽንኩርቱ ሳይነቀል ባልና ሚስት ፊት ለፊት ይነጋገሩበት።

የቁጠባ ቡድኑን ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሩት፤ ሁለት ቡድን፣ ሃያ ሃያ አባል። ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፎቹ ሦስት ሴቶች ዘንድ፣ ሳጥኑ አራተኛዋ ዘንድ ይሁን። እያንዳንዷ በየሁለት ሳምንቱ ከአንድ እስከ አምስት ዕጣ፣ ማለትም እኩል የቁጠባ ድርሻ፣ ትግዛ፤ ከሦስት ወር በኋላ ብድር ይጀመር፤ ከቆጠበችው ሦስት እጥፍ አይለፍ። ገንዘቡ ሰኔ መጀመሪያ ይከፋፈል፤ የዘርና የማዳበሪያ ወጪ የሚመጣውም ጎተራው የሚጎድለውም ያኔ ነው። እቁብን ስለሚያውቁ ደንቡ አይከብዳቸውም፤ አዲሱ ነገር ብድሩና ወለዱ ስለሆነ ጊዜያችሁን እዚያ ላይ አጥፉ።

ወደ ማሳው የምትሻገሩት በሚያዝያ ነው። የቤተሰብ ኃላፊዎቹ የይዞታ ደብተራቸውን ይዘው ይምጡ፤ ስሙ፣ ፎቶው፣ የማሳው ቁጥር ይታይ። ባለትዳሮቹም መሬቱ የጋራ ከሆነ ደብተሩ በሁለቱም ስም መሆን እንዳለበት በሕግ ተደንግጓል፤ የእሷ ስም የሌለበት ካለ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይስተካከል። በእኩል የምትሰጥ ሴት ውሉን በቃል አትጨርስ። ስንት ጊዜ እንደሚታረስ፣ ዘርና ማዳበሪያ ማን እንደሚያቀርብ፣ ጭዱ ለማን እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት እንደተሰጠ ተጽፎ ይመዝገብ፤ የሚያርሰው ሰውም በመስመር መዝራቱ ትምህርት ላይ ራሱ ይገኝ። ጭዱ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ላም ላላት ሴት ግን የዓመት ቀለብ ነው። ሁለት ሦስት ሴቶች ከቁጠባው ተበድረው በጋራ በሬ መግዛት ወይም የጥማድ ቀን መግዛት ከቻሉ እኩሉን ከመስጠት የተሻለ ስለሚያገኙ ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩ።

ለለጋሹ የምትልኩት ሪፖርት «40 ሴቶች ሰለጠኑ» ብሎ እንዳያልቅ በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር፣ ድጋፋችሁ ካቆመ በኋላ፣ ተመልሳችሁ አራት ነገር ቁጠሩ፤ ስንት መደብ አሁንም ለምለም እንደሆነ፣ ስንቱ ጉድጓድ ሁለተኛ ጊዜ እንደተሞላ፣ ስንት ዶሮ የመጨረሻውን ክትባት እንዳገኘ፣ የመጨረሻውን የሽንኩርት ሽያጭ ገንዘብ የተቀበለችው ማን እንደሆነች። አራተኛውን ሴቷን ለብቻዋ ጠይቋት።